ስልካችን ተይዟል

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እናቴ ቤት፣ ስልኩ የሚቀመጠው ከበሩ ጀርባ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩን ሳሎን ውስጥ፣ ያውም ዳንቴል አልብሶ በሚያስቀምጥበት ዘመን የእኛው ለምን በር ሥር እንደተጣለ ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ስልኩ የእኛ ብቻ አልነበረማ! ጎረቤት «ቤቶች!» ብሎ፣ የእግሩን ጭቃ ደጃፍ ላይ አራግፎ፣ የመጣለትን መልእክት ሰምቶ የሚመለስበት ቦታ መሆን ነበረበት። የሰፈር ቦኖ ውኃ በሉት።

ከስልኩ ጎን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። እማዬ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ከቆጠሩት አንዷ ናት። ጽሕፈቷ ትልልቅና ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ፊደሎቹ የተሰለፉ ተማሪዎች ይመስላሉ። ማን ደወለ፣ ለማን ደወለ፣ ምን አለ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም ትጽፋለች። «ለሸማኔው ቤት። ወንድምየው ከሽሮ ሜዳ ደውሏል። ሁለቱ ጋቢ ተሸጧል። ብሩን በሰው ልኳል።» መልእክቱ ለባለቤቱ ከደረሰ በኋላ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ደረሰ» ትልበታለች። ቀይ ያልነካው መስመር ካለ እኛ ቤት እራት አይቀርብም ማለት ይቻላል። ሯጩ ደግሞ እኔ ነበርኩ። «ሂድ ለእትዬ ንገራት፣ እህቷ በሰላም ወልዳለች በላት፣ ወንድ ነው በላት፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምር።»

ሽሮ ሜዳን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ እየወረደ አዲስ አበባ የገባው የጋሞ ሸማኔ ስንት ትውልድ እንደሆነው ቤቱ ይቁጠረው። ሽሮ ሜዳ ገበያ ተሰቅሎ የምታዩት ጥበብ አብዛኛው በጋሞ እጅ የተሸመነ ነው። ስለዚህ እዚህ ታች ሰፈራችን ውስጥ እዚያ ላይ ሰው የሌለው ቤት የለም። በመሃል ወደ 500 ኪሎ ሜትር አለ፤ በአውቶቡስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ሲመሽ መድረስ ነው። ደብዳቤ ሰው ሲገኝ ነው የሚሄደው። የሚቸኩለው ነገር ሁሉ በዚያች በበር ጀርባዋ ጠረጴዛ በኩል ያልፍ ነበር።

እንግዲህ እኔ በ1996 ዓ.ም.፣ የውኃ ቴክኖሎጂው ኢንስቲትዩት ዩኒቨርሲቲ በሆነበት ዓመት፣ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ጥገና ተምሬ ተመለስኩ። ከሻንጣዬ ይልቅ የተጠነቀቅሁለት ዕቃ ከመርካቶ የገዛሁት አሮጌ ፔንቲየም ኮምፒውተርና በፎጣ የጠቀለልኩት ሞደም ነው። ሞደም ላላየ ልጅ፦ የልብስ ሳሙና ሣጥን የሚያህል፣ ግንባሩ ላይ ቀያይ መብራቶች የሚርገበገቡበት፣ የኮምፒውተርን ቋንቋ ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ ሽቦ የሚልክ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ባልንጀራው ደግሞ ድምፁን መልሶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ዕቃ ነው። ሁለቱ ሲተዋወቁ የሚያሰሙትን ጩኸት በቃል መግለጽ አይቻልም። ድመት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስትንሸራተት ብላችሁ አስቡት፤ ሁለት ድመት።

ሐሳቡን የዘራብኝ አንድ አስተማሪዬ ነው። እሱ የነገረን ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት ስለነበረው ነገር ነው። ኢንተርኔት በቴሌ በኩል የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል አንድ ኮምፒውተር በሞደም ከስልክ ጋር አያይዞ ተቀምጦ ነበር። ተመራማሪው፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ፣ ሞደም ያለው ሁሉ በከተማ ውስጥ ጥሪ ሒሳብ ይደውልለታል፤ ደብዳቤውን ይጥልበታል፤ የመጣለትን ይለቅማል። የተጠራቀመው ደብዳቤ ደግሞ በአንድ የውጭ ጥሪ ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር ይለዋወጣል፤ ከዚያ ወደ ዓለም ይበተናል። መቶ ሰው መቶ ጊዜ ለንደን ከሚደውል አንዱ ለሁሉም ይደውል ነው ነገሩ። መረቡ ፊዶኔት ይባላል። ቶም ጄኒንግስ የሚባል ሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ የነበረ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ሲሆን ኮምፒውተሮቹ የስልክ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊት እየተደዋወሉ ደብዳቤ ይቀባበላሉ። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ በቤታቸው፣ በገዛ ስልካቸው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ።

ከሁሉ የገረመኝ ይኼ «በቤታቸው» የሚለው ነው። የዚህ ነገር የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የካቲት 1978 ቺካጎ ላይ ተሠራ፤ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከባድ የበረዶ ውሽንፍር ከተማውን በዘጋበት ሰሞን የጠነሰሱት ነው። የኮምፒውተር ክበባቸው ግድግዳ ላይ አባላት ወረቀት የሚሰኩበት ሰሌዳ ነበረና «ሰሌዳውን ለምን በስልክ አናደርገውም?» አሉ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደም፣ አንድ የስልክ መስመር። አንዱ ደውሎ ጽፎ ይዘጋል፤ ሌላው ደውሎ ያነባል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አይገባም።

ይኼን ስሰማ ዱቡሻ ትዝ አለኝ። ዱቡሻ የጋሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት ሜዳ ነው፤ ተናጋሪው ተነሥቶ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል። «እንግዲያው አንድ ወንበር ያለው ዱቡሻ በኮምፒውተር እሠራለሁ» አልኩ። ሃያ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ የማይለው የለም።

ሥራው ራሱ ከወሬው ያንሳል። ለዚህ የሚሆኑ ነፃ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ በዲስኬት ይዤ መጥቻለሁ። ዋናው ነገር ሞደሙን በመጀመሪያው ጥሪ ራሱ ስልኩን እንዲያነሣ ማዘዝ ነው፤ አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት። ከዚያ ሦስት ክፍል ከፈትኩ፦ ወሬ፣ የሚሸጥና የሚገዛ፣ ጥያቄና መልስ። ስሙን «አርባ አንደኛው ምንጭ» አልኩት። ከጫካው ሥር የሚፈልቁት አርባዎቹ የእግዜር ናቸው፣ ይኼኛው የእኔ መሆኑ ነው።

ያልተፈታልኝ ፊደላችን ነበር። የዚያን ጊዜው ስክሪን ለፊደልና ለምልክት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ግማሹን የላቲኑ ፊደልና አጃቢዎቹ ይዘውታል። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፤ ቀሪው ቦታ ደግሞ 128። የት ይግቡ? ግዕዙን አስገብቼ ካዕቡን ላባርር? ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የእኛን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ተቀብሏል፤ የእኔ ሰሌዳ ግን ያንን አያውቅም። አማርኛችንን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ሆነ። እማዬ ስክሪኑን በመነጽር ጠጋ ብላ አየችና «ይኼ ምንድን ነው የሚለው?» አለች። አነበብኩላት። «እንዴ፣ አማርኛ ነው እንዴ? ታዲያ አማርኛ ከሆነ ለምን አላነበብኩትም?» መልስ አልነበረኝም።

ሞደም ያለው ሰው ፈልጌ ያገኘሁት አሥራ አንድ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የአንድ እርዳታ ድርጅት ጸሐፊ፣ ሁለት ሒሳብ ሠራተኞች፣ አንድ ሙዝ ነጋዴ (እሱ እንኳ ሞደሙን የሚያሠራለት ልጁ ነው)። ኢንተርኔት ቤት ከተማው ውስጥ ነበር፤ ግን ሒሳቡ በደቂቃ ነው፣ እዚያ ደግሞ የአርባ ምንጭ ወሬ የለም። እኔ ጋ የሙዝ ዋጋ አለ፣ የጠፋ ቁልፍ አለ፣ «መኪና ይዤ ወደ ሶዶ የምሄድ ነኝ፣ ሁለት ሰው እጭናለሁ» አለ። ከእማዬ ጋር የተስማማነው ሞደሙ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ሊሠራ ነው። ቀን ቀን ስልኩ የሰፈሩ ነው። እሷ እንኳን ሦስት ሰዓቷንም በግድ ነው የሰጠችኝ።

እንደሌላው ዱቡሻ ሁሉ ጠብም ነበረበት። አርባ ምንጭን ለማያውቅ፦ ከተማው ሁለት ነው። ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች፤ በመሃላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል አቀበት አለ። ሴቻ ነፋሻ ነው፣ ሲቀላ ገበያና ሙቀት። የሴቻ ሰው የሆነ አንድ መምህር «ሲቀላ የሚኖር ሰው ትንኝ ብትነክሰውም ቶሎ አይነቃም» ብሎ ጻፈ። የሲቀላው ሒሳብ ሠራተኛ መለሰለት። ያኛውም መለሰ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ስለሚገባ ስድቡ ተራ ይጠብቃል፤ አንዱ ዘግቶ ሲወጣ ሌላው ደውሎ ይገባል፤ ማታ ማታ ሞደሙ በእነሱ ብቻ ይጮህ ጀመር። መጨረሻ ላይ አንዱ የአንዱን አባት አነሣ።

ጽሑፉን ማጥፋት እችል ነበር። አንድ ቁልፍ ነው። ግን የማውቃቸውን ሰዎች ጽሑፍ እንዴት ሌባ ይመስል በሌሊት አጠፋለሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ሴቻ ወጣሁ፤ መምህሩ ቤት ሻይ ጠጣሁ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ናት፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፤ የሚያወራው ሰው የለውም። «እውነቱን ልንገርህ፣ ጠቡ ደስ ብሎኝ ነው፤ ማታ ቤት ስገባ መልስ ይጠብቀኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር በሰሌዳው ላይ ቼዝ እንዲጫወቱ አደረግሁ፤ በቀን አንድ አንድ እርምጃ። ስድቡ ቆመ ማለት አይደለም፤ ስለ ፈረሱ ሆነ። ዛሬ ሺህ ሰው በማያውቀው ሺህ ሰው ላይ በስልኩ ሲወርድበት ሳይ ያቺ ሻይ ትዝ ትለኛለች። የዛሬዎቹ ባለቤቶች ለስንቱ ቤት ሄደው ሻይ ይጠጡ? እኔ አሥራ አንድ ሰው ነበር የነበረኝ።

ጩኸቱ ግን ችግር አመጣ። ጨንቻ ያለችው አክስቴ አንድ ቀን ምሽት ወርዳ ለእህቷ ብትደውል ሞደሙ አነሣው። አክስቴ «በስመአብ!» ብላ ስልኩን ወረወረችው፤ ባለሱቁ የተሰነጠቀ እጀታ አስከፈላት። ስልክ በምኒልክ ጊዜ ሲገባም ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር ይባላል፤ የእኔን ሞደም ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። ያንን እየተረክን ስንት ቀን ሳቅን። እማዬ አልሳቀችም። «ስልክ ያስገባነው ሰው እንዲያነሣው ነው» ብላ ዝም አለች።

ጥቅምት 1997 ዓ.ም. ነው። አንድ ማክሰኞ ማታ መምህሩ ከሰሌዳው ላይ የቼዝ ፕሮግራም ሊወስድ ደወለ። ፋይሉ አንዲት ዲስኬት ጢም አድርጎ የሚሞላ ነው፤ አንድ ነጥብ አራት ሚሊዮን ፊደል በሉት። መስመሩ ደህና ቢሆን የሃያ ደቂቃ ሥራም አይሆን። ያን ዕለት ዝናብ ነበረ፤ የቤታችን ሽቦም ያረጀ ነው፤ ሞደሞቹ ሲግባቡ ወደ መጨረሻው ቀርፋፋ ፍጥነት ወረዱ። በሰከንድ 240 ፊደል። እኔ ወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ፦ መቶ ደቂቃ ገደማ። ዘጠና ከመቶ ሲደርስ ተቋረጠ። እንደገና ደወለ፤ ከዜሮ ጀመረ። እማዬ በ4 ሰዓት ከመኝታ ቤት በር ላይ ሆና «ዘግተህ ተኛ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። አልዘጋሁም። ሦስተኛው ሙከራ ተሳክቶ መብራቶቹ ሲረግቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። እኔ አንድ ሰው ቼዝ እንዲጫወት በመርዳቴ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እማዬ አነሣች። ብዙ አልተናገረችም፤ «እሺ... እሺ... በስንት ሰዓት?» ብቻ። ዘጋችና ደብተሩ ላይ ጻፈች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ የእድሩን ዳኛ ልትጠራ ወጣች። ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ደብተሩን ሄጄ ማየት አላስፈለገኝም፤ ግን አየሁት። የሸማኔው ጎረቤታችን ታናሽ ወንድም ሽሮ ሜዳ ላይ ሥራው ላይ እንዳለ ወድቆ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሆስፒታል ገባ፤ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ አረፈ። ቀብሩ ረቡዕ በ9 ሰዓት።

ዘመድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሲደውል አምሽቷል። መርዶ እንደሆነ በስልክ አይነገርም፤ እነሱም ይኼን ያውቃሉ። ለእማዬ ሊነግሯት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሽማግሌ ሰብስባ ጎሕ ሲቀድ ትነግረዋለች፤ እሱ የ12 ሰዓቱን አውቶቡስ ይይዛል፤ እነሱ ቀብሩን ለአንድ ቀን ያሳድሩታል። ሁሉም ነገር የታሰበበት ነበር። የጎደለው ስልኩን የሚያነሣ ሰው ነው። «ተይዟል፣ ተይዟል ነው የሚለው» አሉ። «ሁለት ጊዜ ተነሥቶልን ነበር፤ ግን የሚያለቅስ ነገር ነው የሰማነው። እናንተም ቤት ለቅሶ የገባ መሰለንና ዘጋነው።»

ኮምፒውተሬ የመጣለትን ጥሪ ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል አለው። ከፈትኩት። ሁለቱም አሉ። አንዱ በፈረንጅ ሰዓት 20:51፣ ሁለተኛው 22:38፤ ሁለቱም መምህሩ ተቋርጦበት መልሶ እስኪደውል ባለው ክፍተት የገቡ ናቸው። ከጎናቸው በእንግሊዝኛ ግንኙነቱ አልተሳካም ይላል። ከእማዬ ይልቅ በትክክል መዝግቦታል፤ በሰከንድ። ለማንም ግን አልነገረም።

ሸማኔው ሐሙስ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ከለቅሶ ላይ ተቀመጠ፤ የወንድሙን አፈር እንጂ ወንድሙን አላገኘም። እስኪመለስ ድረስ እማዬ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሞደሙን ነቅዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሲመለስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡና «ተነሥ» አሉኝ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል በወጣው ወጣት ፊት ተንበርክከው ሲመልሱት አገር አይቶ ተደንቋል። እኔ ያንን ሣር ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት በቅርብ አይቼዋለሁ፤ ስለ እኔ ተይዞ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ይዘው ተንበረከኩ፤ እኔ ከኋላቸው። ጥፋቴን ራሴ ተናገርኩ፤ እንደዚያ ነው ወጉ። ጥፋት ካልተነገረ ጎሜ ይሆናል፤ የተደበቀ በደል ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከብቱንም ልጁንም ይጎዳል ይላሉ አባቶች። «ስልኩን ለጨዋታ ይዤው ነው» አልኩ። ሞደም፣ ፋይል፣ መስመር የሚሉት ቃላት በአፌ አልመጡም፤ ቢመጡም ምን ያደርጋሉ?

ሸማኔው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ሲደውሉ እዚህ የሚያለቅስ ነገር አነሣው አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። «እንግዲህ ከእኔ ቀድሞ አለቀሰለት» አለና ሣሩን ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አላዩም። እኔም።

ሰሌዳውን ለመዝጋት ወስኜ ነበር። የከለከለችኝ፣ ታምኑኛላችሁ፣ እማዬ ናት። «ቀንም ማታም ለሰው፣ ሌሊት ለዕቃህ። ከ6 እስከ 11። እኔ ራሴ ነቅዬ እኔ ራሴ እሰካለሁ» አለች። እንደዚያው ሆነ። ፊዶኔቶችም በሌሊት ይሠሩ እንደነበር ልነግራት ስል ተውኩት። ቀጥላ ደግሞ ደብተሩን ይዛ መጣችና «ይኼን እዚያ ላይ ጻፈው» አለች። «ሴቻ ላሉት። ያ መምህር እንቅልፍ የለውም አላልከኝም? ሌሊት አንብቦ ጠዋት ያድርስ።»

ያች ሐሳብ ከእኔ ሁሉ ሐሳብ ትበልጣለች። ሲቀላ ስልክ ተደውሎ ለሴቻ ሰው መልእክት ሲመጣ እኔ ወይ ሌላ ልጅ አራት ኪሎ ሜትር አቀበት ነበር የምንወጣው። አሁን ሌሊት እጽፈዋለሁ፤ መምህሩ 7 ሰዓት ላይ ደውሎ ያነባል፤ ወረቀት ላይ ይገለብጣል፤ በአማርኛ ፊደል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በየቤቱ ይጥላል። ማታ ደግሞ «ለእናትህ፦ የትናንቶቹ ሁለቱ ደርሰዋል» ብሎ ይጽፍልኛል። እኔ ለእማዬ እነግራታለሁ፤ እሷ በቀይ «ደረሰ» ትላለች። የቼዝ ፕሮግራሙን ተጫውቶበት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አላነሣውም። ስለዚያ ሌሊት ግን ያውቃል፤ ለሸማኔው ቤት የሚሆን መልእክት የመጣ ቀን ሴቻ ድረስ የማይመለከተውን ሁሉ «እሱስ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

እንዲህ እየሆነ ሁለት ዓመት ያህል ሄድን። በ1999 ክረምት አንድ ሌሊት መብረቅ በስልኩ ሽቦ ገባና ሞደሙን ከነመብራቶቹ አቃጠለው፤ ቤቱ የፕላስቲክ ሽታ ሸተተ። አዲስ አልገዛሁም። ሞባይል ያኔ በየሰዉ ኪስ መግባት ጀምሮ ነበር፤ አሥራ አንዱም ሰዎቼ አንድ አንድ እያሉ ዝም ካሉ ሰንብተዋል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የእማዬ ስልክም ለጎረቤት መጮኹን ተወ። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱ ስልክ አለው። ስልኩ አሁን ሳሎን ገብቷል፤ ዳንቴል ለብሷል፤ አይሠራም።

ደብተሮቹ ግን አሉ፤ አምስት ናቸው፣ ቁምሣጥን ላይ። እማዬ ዓይኗ ደክሟል። ዘንድሮ ሲቀላ ስሄድ እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ሳለ «እስቲ አንብብልኝ» ትለኛለች። አነባለሁ። ማን ወለደ፣ ማን ስንት ጋቢ ሸጠ፣ ማን «ሰላም ነኝ አትስጉ» አለ። እሷ እያንዳንዱን ስትሰማ የሰውየውን የአሁን ሁኔታ ትጨምርበታለች፤ ይኼኛው ሞተ፣ ያችኛዋ አሜሪካ ናት፣ ይኼ ልጅ ዶክተር ሆነ። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ እኔ «ደረሰ» እላለሁ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች።

ባለፈው የጥቅምት 1997ቱ ደብተር ደረሰ። ያ ገጽ ላይ ስደርስ፣ ረቡዕ ጠዋት በትልልቁ የተጻፈው፣ ከጎኑ ቀይ የሌለበት፣ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ገለጥኩና ቀጠልኩ።

እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች።

«አንዱን ገጽ ዘለልከው» አለችኝ።